የተቃጠለው መጽሐፍ

ክረምት ለኔ የንባብ ወራት ነው። ሌላው ሰው ሐምሌ ሲገባ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ሲፈልግ፣ እኔ የማሰናዳው አንድ ጋቢ፣ ከሱፍ ጋር የተቀላቀለ የገብስ ቆሎና አራት አምስት መጻሕፍት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰብኝ። ባለቤቴ «ሰው በክረምት ጣራውን ያስጠግናል፤ አንተ ገጽ ትገልጣለህ» ትለኛለች። ጣራችን ማፍሰሱ እውነት ነው። የሚያፈሰው ግን መጻሕፍቱ በተደረደሩበት በኩል ስላልሆነ እስካሁን አላስቸኮለኝም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ያነበብኋቸውን ላጫውታችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። አስቀድሜ ላስታውቅ፤ ሐያሲ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስሁት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው ገንዘብ ስደምርና ስቀንስ ነው። ስለ መዋቅርና ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ትንታኔ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ ያድርግልኝ። የኔ ወግ፣ ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አነበብሁ እኮ» እንደሚለው ያለ ነው። ኋላ ላይ ግን የምናዘዘው ነገር ስላለኝ እስክደርስበት ታገሡኝ።

መጀመሪያ ያነሣሁት ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። ይህን በ1958 ዓ.ም. የታተመ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «አነበብሁት» ማለት ለኔ ዕድሜ ሰው ትንሽ ያስቸግራል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያነበብነው በጆሯችን ነዋ! ገና ተማሪ ሳለሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው፣ የሰፈራችን ባለሱቅ የሬዲዮኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉት ነበር። ስኳር ልትገዛ የተላከች ልጅ ስኳሩን በወረቀት እንደ ጠቀለለች እዚያው ትቀራለች። እናትየዋ ልትቆጣ ትመጣና እሷም ትቆማለች። እኔ እስከ ዛሬ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ የሚሰማኝ በወጋየሁ ድምፅ ነው። መጽሐፉን ገልጬ በዐይኔ ስሄድበት እንኳ ድምፁ ከኋላዬ ይከተለኛል።

በ20 ዓመቴ ሳነበው በዛብህ ነበርሁ። ሰብለ ወንጌልም ሩቅ አልነበረችም፤ ከቤታችን ሦስተኛ በር ነበር የምትኖረው። ታሪካችን ግን መቃብር ቀርቶ ክረምት እንኳ አልተሻገረም። በ40 ዓመቴ ደግሜ ሳነበው ጉዱ ካሣን ሆንሁ። ማለቴ፣ የሆንሁ መሰለኝ። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ጉዱ ካሣ ልናገር ሞክሬ የደረሰብኝን እኔው ነኝ የማውቀው። ንግግሩ ሲረዝም በወጣትነቴ እየዘለልሁ ማለፌም ትዝ ይለኛል። አሁን አንዲት መሥመር አላለፍሁም። ሰውየው ብቻውን ስለሆነ ነው የሚያስረዝመው፤ የሚሰማው ያጣ ሰው ንግግሩን መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃል?

በዚህ በሦስተኛው ንባቤ ልቤ የቀረው ግን ያልጠበቅሁት ቦታ ነው። ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወራ እምብዛም ከማያነሣቸው፣ ከበዛብህ እናትና አባት፣ ከውድነሽ በጣሙና ከቦጋለ መብራቱ ዘንድ። ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ይሳላሉ። ስለቱን ከፋዩ ግን ልጁ ነው። በዛብህ እሱ ያልገባውን ቃል ኪዳን ተሸክሞ ነው ጎጃምን የሚዞረው። ድሮ ይህን የታሪኩ መግቢያ አድርጌ በጥድፊያ አልፌው ነበር። አሁን የልጆች አባት ሆኜ ሳየው፣ እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ብዙ ቆየሁ። ቆሎውም ሳይነካ ቀረ፤ ይህ ደግሞ በኔ ዘንድ የከባድ ኀዘን ምልክት ነው።

ቆሎን ካነሣን፣ ለኔ ከእራት በኋላ የምትቀርበዋ ጣፋጭ ሌላ ናት። ስነግራችሁ አትሣቁብኝ፤ መዝገበ ቃላት ነው የማነበው። ፈልጌ አይደለም። እንዲያው በዘፈቀደ እከፍትና ዐይኔ ካረፈበት ቃል እጀምራለሁ። የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት (የ1962 ዓ.ም. እትም ነው) እንደዚህ ያነበበ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል። አንዱ ቃል ወደ ሌላው ይመራል፣ ያኛው ወደ ዘመዱ ይልካል፤ በመጨረሻ ምን ልፈልግ ነበር የገባሁት ብለህ ትጠይቃለህ። አዲስ ገቢ ደግሞ በሩ ላይ ነው የሚጠፋው። በ«ሀ ሁ» ለመድነውና መጀመሪያው ላይ «ሀ»ን ስንፈልግ መጽሐፉ በ«አበገደ» ተራ ስለሚሄድ «አ» ይቀበለናል። ልጄ ተማሪ ሳለች አንድ ቃል አጥታ «አባዬ፣ ገጹ ተገንጥሏል» ብላኝ ነበር። ገጹ አልተገነጠለም፤ እኛ ነን በሌላ በር የገባነው።

የዚህን ተራ አመጣጥ የሚከተል ሰው ዘንድሮ እኔን ወዳስደነቀኝ ታሪክ ይደርሳል። ደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸውን መዝገበ ቃላት ከማሳተማቸው በፊት የመምህራቸውን አሳትመዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ሲወጣ አለቃ ኪዳነ ወልድ በሕይወት አልነበሩም። እሳቸውም ብቻቸውን የጀመሩት ሥራ አልነበረም። ጅማሬው የመምህራቸው የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነው። ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ለኪዳነ ወልድ ተላለፈ። ኪዳነ ወልድ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም ተቀምጠው ሲለፉበት ኖሩና እሳቸውም ለደስታ አስረከቡት። ደስታ ተክለ ወልድ ጨርሰው አሳተሙት። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ! መካከል ላይ አንዱ «ይኸ የኔ ነው» ብሎ ሣጥን ውስጥ ቢቆልፈው ኖሮስ? ይቺ ጥያቄ ስትመጣብኝ መጽሐፉን ዘጋሁት። ለምን እንደ ዘጋሁት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛው መጽሐፌ ነገም ሌላ ቀን ነው ነበር፤ ነቢይ መኮንን የተረጎመው፣ የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ። ስለ ስካርሌት ኦሃራ የምለው ብዙ የለኝም። ሴትየዋን አልወደድኋትም፤ ከሷ ጋር ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ሳላንቀላፋ ተጉዣለሁ። አንዳንድ ሰው እንደዚያ ነው፤ አትወደውም ግን ምን እንደሚሆን ሳታይ ቤትህ አትገባም። የባርነቱን ዘመን የምታይበት መነጽርም ዛሬ ለሚያነብ ሰው በእጅጉ ይቆረቁራል። እኔን የያዘኝ ግን የትርጉሙ ታሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. ያረፈው ነቢይ ይህን ሁሉ የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው። ወረቀት የለም። ስለዚህ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ በምትገኘው ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ወደ 3,000 በሚጠጉ እንዲህ ባሉ ብጥስጣሾች ላይ። ወረቀቶቹ በሌሎች እጅ፣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ተደብቀው ከእስር ቤት ወጡ። እሱም ሲፈታ እነሱን መሰብሰብ ሌላ ሥራ ሆነበት።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ ያሰብሁት እንደ ሙያዬ ነው። 3,000 ወረቀት በሰው እጅ ተበትኖ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ሞዴል፣ ያለ ፊርማ! እኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን ከስቶር የወጣች አንዲት ስቴፕለር እንኳ እንዲህ አትመለስም ነበር። ተይዞ ቢገኝ የሚያስከትለው እየታወቀ፣ አንዱ እስረኛ «ፈርቼ አቃጠልሁት» ቢል ማን ይፈርድበታል? ማንም። ግን መጽሐፉ ይኸው በእጄ ነው።

እንግዲህ ወደ ኑዛዜዬ ደረስሁ።

በ1976 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የአማርኛ መምህራችን (ስማቸውን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል) መጽሐፍ ሲያውሱኝ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ያን ቀን ግን ቤታቸው ጠርተው በር ዘግተው ነው የሰጡኝ። በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ በሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሒሳብ 12ኛ ክፍል» ተብሎ ተጽፎበታል። ኦሮማይ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከመጻሕፍት መደብሮች ተለቅሞ የተወሰደው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ። ደራሲው ከሥራው ተባርሮ፣ የካቲት 1976 ላይ ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀርቷል። ያኔ የበዓሉን ስም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጠራው። «ለሦስት ቀን ነው» አሉኝ መምህሬ። «ሰው ፊት እንዳትገልጠው።»

በሁለት ሌሊት ጨረስሁት። በሦስተኛው ቀን መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስሁም። እውነቱን ልናገር፣ መጽሐፉ እጄ ላይ በመሆኑ ብቻ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር። ሳምንት ሆነ። መምህሬ በትምህርት ቤቱ ግቢ አስቁመው በዝግታ ጠየቁኝ። ያልተዘጋጀሁበት ውሸት ከአፌ ወጣ፤ «ጋሼ፣ ፍተሻ አለ ሲባል ፈርቼ አቃጠልሁት።» ፊታቸው ተለዋወጠ። ተቆጡኝ ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው «ደግ አደረግህ፤ ካንተ ነፍስ መጽሐፍ አይበልጥም» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉ በዚያች ሰዓት ፍራሼ ሥር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ተከራየሁ፣ ስንት ጊዜ ዕቃ ጫንሁ! መጽሐፉ ከሣጥኑ ታች አብሮኝ ዞረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኦሮማይ ዳግም እየታተመ በአደባባይ ሲሸጥ፣ አዟሪው በክንዱ ደርድሮ ካፌ ለካፌ ሲዞር፣ አንድ አዲስ ገዝቼ ለመምህሬ ልውሰድ ብዬ ዐስቤያለሁ። አዲስ መስጠት ግን መናዘዝ አይደለም። ደግሞም አሮጌው ውስጥ ሌላ የማይገኝ ነገር ነበረ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ማስታወሻዎች። ደቃቅ ጽሕፈት ነው። አንድ ቦታ ላይ «ይቺን ቡና ቤት አውቃታለሁ»፣ ሌላ ቦታ ላይ «ስሙን ለወጠው እንጂ ሰውየውንም አውቀዋለሁ» ይላል። ስለ ዘመቻው በሚተርከው አንድ ገጽ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ፤ «እኔም ነበርሁ።» መምህሬ ስለ አሥመራ አንድም ቀን አንሥተውልን አያውቁም። የደበቁን ሕይወት እንደነበራቸው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ በዚህም በልቤ እኮራ ነበር። ሌባ በሰረቀው ዕቃ ውስጥ ደብዳቤ አግኝቶ የባለቤቱ ወዳጅ የሆነ ሲመስለው አስቡት።

በ2017 ዓ.ም. ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ ላይ መታተሙን ስሰማ ነው አሮጌውን ከሣጥን ያወጣሁት። ነሐሴ ላይ አነበብሁት። በ19 ዓመቴ የተከተልሁት ፊያሜታን ነበር፤ እሷን፣ የሰላይ አደኑን፣ የአሥመራን ምሽት። ጋዜጠኛው ጸጋዬ አዲስ አበባ ላይ እጮኛውን ትቶ የሚሆነው ሁሉ ጀብዱ መስሎኝ ነበር። አሁን ስመለስበት ዐይኔን የያዘው ስብሰባው ነው። ባለሥልጣኑ ሁሉ ድሉ እንዴት እንደሚነገር ይመክራል፤ ድሉ ራሱ ግን ገና ናቅፋ ተራራ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚወጣው ደግሞ ስብሰባው ውስጥ የሌለ ሰው ነው። ደራሲው ይህን ከሩቅ ሰምቶ አይደለም የጻፈው። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ እሱም አሥመራ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሆነውን ላየ ሰው አንዳንዱን ገጽ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይከብዳል። እኔ እየተነሣሁ መስኮቱ ጋ እየቆምሁ ነው የጨረስሁት። ርዕሱ ከጣልያንኛ ወደ አሥመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ነው፤ አበቃ፣ አለቀለት እንደ ማለት።

ጨርሼ ስዘጋው የወሰንሁትን ለባለቤቴ ነገርኋት። «ስንት ዓመት ነው የደበቅኸኝ?» አለችኝ፤ የደነቃት ውሸቱ ሳይሆን ለሷም አለመንገሬ ነበር። አንድ ኪሎ ቡና ቋጠረችልኝ።

መምህሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ አራተኛ ፎቅ። ዐይናቸው ፈዟል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። «ጋሼ፣ የ76 ተማሪዎ ነኝ» ስላቸው «ስምህን አትንገረኝ፤ ራሴ አገኘዋለሁ» አሉ። በሁለተኛው ስኒ ላይ አገኙት። ከነአባቴ ስም ጠሩኝ። ከዚያ በኋላ ማውራቱ ይበልጥ ከበደኝ።

ነገርኋቸው። ምንም ሳላሳምር፣ ልጅ ነበርሁም ሳልል። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አኖርሁት። ጋዜጣውን በጣታቸው ዳበሱት፤ ጠርዙን፣ ጀርባውን። ብዙ ዝም አሉ። ልጃቸው ከማድ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ችግሩ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይኸ የኔ መጽሐፍ አይደለም።»

ምን እንደምል አጣሁ።

«የጓደኛዬ ነው። ቀይ ኮከብ ጊዜ ሾፌር ሆኖ አሥመራ ዘምቶ የተመለሰ። ለሳምንት ብሎ ነበር ያዋሰኝ።»

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ? ተቃጠለ አልሁት። ተማሪ አቃጠለው አላልሁም፤ እኔ ነኝ ያቃጠልሁት አልሁ። ስምህን እንዳይጠይቀኝ ብዬ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ሁለተኛ መጽሐፍ አላዋሰኝም። በኋላ በኋላ ሰላምታ ብቻ ሆነ፤ በኋላ እሱም ቀረ። በ94 ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርሁ።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር እይዘው ነበር። እኔ የማስበው ስለዚያ ማስታወሻ ሆነ። ከአርባ ዓመት በላይ የመምህሬ መስሎኝ ያነበብሁት፣ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ በእርሳስ የተጻፈውስ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ እርግጠኛ ለመሆን።

«እኔ በሰው መጽሐፍ ላይ እጽፋለሁ?» አሉ ቆጣ ብለው። ያን ቀን የተቆጡት በዚህ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው «ልብ ወለዱን ተወው፤ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «እርሳሱን አንብብልኝ።» ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ። ደቃቅ ነው፤ አንዳንዱ ደብዝዟል፤ መነጽሬን አውልቄ ወደ ብርሃን እያስጠጋሁ ነበር የማነበው። እሳቸው አንዳንዴ ፈገግ ይላሉ፣ አንዳንዴ «እንዲያ ይል ነበር እሱ» ይላሉ። «እኔም ነበርሁ» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገማት» አሉ። ደገምሁት። ሲመሽ ልጃቸው መብራት አበራች፤ ለሳቸው ሳይሆን ለኔ።

የሟቹ ልጅ ጉለሌ አካባቢ ትኖራለች። ስልኳን ከመምህሬ አሮጌ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ልጃቸው ፈልጋ አወጣችው። እኔም የምጽፍበት ስላጣሁ የጋዜጣው ሽፋን ጥግ ላይ፣ «ሒሳብ 12ኛ ክፍል» ከሚለው ሥር ጻፍሁት። መጽሐፉ ተመልሶ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። አራቱን ፎቅ ስወርድ ስወጣ ከነበረው ይልቅ ከበደኝ።

በማግስቱ ደወልሁ። «ስለ አባትሽ መጽሐፍ ነበር» ስላት «የትኛው?» አለች፤ ብዙ መጽሐፍ ያዋሱ ሰው ነበሩ መሰለኝ። ኦሮማይ ስላት ትንሽ ዝም ብላ «እሱ ተቃጥሏል እኮ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እንድመጣ ተቀጣጥረናል። ሽፋኑን አልቀየርሁትም።